«እሬት ቀብቼ ጡት ስላስጣልኩት ይሆን?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። አራቱም ስለ ልጅነት ይጠይቃሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ጫፋቸው የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ ጋ ይደርሳል። የሆነ ቪዲዮ ሲዞር ከርሟል ብዬ ጠርጥሬያለሁ፤ ያ «ጥፍርህን የምትበላው እናትህ እንዲህ ስላደረገችህ ነው» ብሎ በ1 ደቂቃ ውስጥ መላ ሕይወትህን ፈትቶልህ፣ ሼር አድርግ ብሎህ የሚያልፈው ዓይነት። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጇ። የ52 ዓመት እናት ነኝ። ሁለተኛው ልጄ 23 ዓመቱ ነው። ሥራ ይዟል፣ አመሉም ጥሩ ነው። ግን ሲጋራ ያጨሳል፣ ጥፍሩን ይበላል፣ ሲከፋው ደግሞ ፍሪጅ ከፍቶ መቆም ነው። ታናሽ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ትማራለች። ባለፈው ቡና እየጠጣን «ይሄማ ኦራል ፊክሴሽን ነው፣ ጡት ቶሎ ስላስጣልሽው ነው» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሷን አርግዤ ስለነበር በ1 ዓመት ከ2 ወሩ እሬት ቀብቼ ነው ያስጣልኩት። 3 ቀን ሙሉ አለቀሰ። ልጄን ለሲጋራ የዳረግኩት እኔ ነኝ?
ወ/ሮ አ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደሉም ወይዘሮ አ.። ዛሬ ይተኙ፣ ቀሪውን ነገ ያነቡታል።

ለልጅዎ ግን አንድ ነገር ያስታውሷት፤ እሬቱ የተቀባው ለማን ሲባል ነበር?

ልጅቷ ከመሬት ተነስታ አይደለም የተናገረችው። ሐሳቡ የሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ሰውየው በ1856 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ በ4 ዓመቱ ቪየና ገባ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን እስከሄደበት እስከ 1938 ድረስም እዚያው ኖረ። የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን ሁሉ ያስቆጣ ነገር ተናገረ፦ የሥጋ ደስታ ፍላጎት በጉርምስና ድንገት የሚበቅል አይደለም፣ ከልደት ጀምሮ አለ፣ ግን ቦታ ይቀያይራል። መጀመሪያ አፍ ላይ ነው፤ መጥባት፣ መንከስ፣ ያገኙትን ሁሉ አፍ ውስጥ መክተት። ከዓመት፣ ከዓመት ተኩል በኋላ መጸዳዳት ላይ ይሆናል፤ መያዝና መልቀቅ። ከ3 ዓመት ገደማ ወደ ብልት ይሄዳል። ከ6 ዓመት እስከ ጉርምስና ጋብ ይላል፣ ከዚያ የአዋቂው ፍላጎት ይመጣል። እነዚህ 5 ደረጃዎች ዛሬ በትምህርት መጻሕፍት እንደሚሰለፉት በአንዴ ተሰልፈው አልመጡም፤ ፍሮይድ እስከ 1920ዎቹ ድረስ እየጨመረና እያስተካከለ ነው የሄደው።

«ኦራል» የአፍ ማለት ነው፤ ፊክሴሽን የሚሉት ደግሞ አንዱ ደረጃ ላይ ተቸንክሮ መቅረትን ነው። ፍሮይድ ራሱ ለዚህ ያመጣው ምሳሌ ደስ ይለኛል። አገሩን ለቆ የሚጓዝ ሕዝብ አስቡ ይላል፤ ባረፈበት ሰፈር ሁሉ ጥቂት ሰው እየተወ የሚያልፍ። ወደፊት ጠላት ሲበረታበት የሚሸሸው ሰው ወደተወበት ሰፈር ነው፤ በየመንገዱ ብዙ ሰው በተወ መጠን ደግሞ ፊት ላይ ያለው ኃይል ይሳሳል። እና እንደሱ አባባል ልጅዎ ሲጨንቀው ወደ አፍ ሰፈር ይሸሻል፤ ሲጋራ፣ ጥፍር፣ ፍሪጅ።

ሲሰሙት ያምራል አይደል? ችግሩ ሲፈትኑት ነው። እንደ ንድፈ ሐሳቡ ቶሎ ጡት የጣለ ልጅ ይቸነከራል። ከልክ በላይ የጠባ ልጅም ይቸነከራል። 3 ዓመት አጥብተውት ቢሆን ኖሮ ልጅዎ በዚያው ቡና ላይ «አብዝተሽ ስላጠባሽው ነው» ትልዎት ነበር። ዝናቡ ቢመጣም ቢቀርም «ብያችሁ ነበር» እንደሚል ሰው ነው። ፈላስፋው ካርል ፖፐር፣ እሱም የቪየና ልጅ ነው፣ ፍሮይድን የያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ቢሆን የማይሸነፍ ሐሳብ ሳይንስ አይባልም ብሎ።

ደፍረው የፈተኑት ግን አሉ። ዊልያም ሲውል የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዊስኮንሲን ገጠር ውስጥ 162 የገበሬ ልጆችን ወስዶ እናቶቻቸውን ጠየቀ፤ ጡት ነው ጡጦ? መቼ ጣለ? ድንገት ነው ቀስ በቀስ? ፖፖ መቼ ጀመረ? ከዚያ መልሶቹን ከልጆቹ ጠባይ ጋር አስተያየ። በ1952 ያሳተመው ውጤት፣ በአጭሩ፣ ባዶ ነበር። የጡት ማስጣያው ጊዜና ዓይነት የልጁን ጠባይ አልተነበየም።

በነገራችን ላይ ፍሮይድ ራሱ በቀን 20 ገደማ ሲጋር ያጨስ ነበር። በ1923 የላንቃና የመንጋጋ ካንሰር ተገኘበት፣ ከ30 በላይ ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ ማጨሱን ግን አልተወም። የሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ ያልገባበት ጓዳ የለም የሚባለው ሰው በዚያ ሁሉ እውቀት ሲጋሩን ማሸነፍ አቃተው። ለምን ቢሉ መልሱ እናቱ ጡት ላይ አይደለም፤ ኒኮቲን ነው። የልጅዎም እንደዚያው ነው። ከማን ጋር ጀመረ? ስንት ዓመቱ ነበር? ቀኑን ሙሉ ምን ያስጨንቀዋል? ከእሬቱ ይልቅ እነዚህ ይጠቅሙዎታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል ይላል፤ ያ ግን ለምግብነቱና ከበሽታ ስለሚከላከል ነው። ሲጋራ እንዳያጨስ ብሎ አይደለም። እርጉዝ ሆነው፣ አንዱን ታቅፈው፣ በ1 ዓመት ከ2 ወር ማስጣል በዚህ አገር ስንቷ እናት ያደረገችው ነው።

እኔም በተማሪነቴ ይሄው በሽታ ይዞኝ ነበር። ሴሚስተሩ አልቆ ቤት እንደገባሁ እናቴን ምሳ ላይ «ጡት መቼ ነው ያስጣልሽኝ?» ብዬ እንደ መርማሪ አፋጠጥኳት። «ማን አስጣለሽ? ገንፎ ያየሽ ቀን ራስሽ ተውሽው» አለችኝ። ምርመራው እዚያው ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ። 29 ዓመቴ ነው። ከፋሲካ በኋላ የምንጋባው እጮኛዬ ጨዋ፣ ታማኝ፣ ሠራተኛ ሰው ነው። ግን ቋጣሪ ነው፤ ቋጣሪ ስልሽ የሚያስቅ ዓይነት። ፌስታል በሦስት ማዕዘን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይደረድራል። ጫማዎቹ በቀለም ተራ ነው የሚቀመጡት። የታክሲ ሒሳብ ሳይቀር ስልኩ ላይ ኤክሴል ውስጥ ይመዘግባል፤ በአንደኛው ዓምድ የሱን፣ በሁለተኛው የኔን። አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው፣ ሐሳቡን አይቀይርም። ጓደኛዬ «አናል ነው፣ ልጅ እያለ ፖፖ ላይ አስጨንቀውታል» አለችኝ። እናቱን ልጠይቃት? ይሄ ነገርስ ይለቃል?
ሙሽሪት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እናቱንማ እንዳትጠይቂ። ለአማትሽ የምታቀርቢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጅዎን ፖፖ ላይ እንዴት ነበር የሚያስቀምጡት?» ከሆነ ሠርጉ ጋ አትደርሱም።

ጓደኛሽ «አናል»፣ ማለትም መጸዳዳት ደረጃ ላይ የተቸነከረ፣ ያለችው ነገር መነሻው ፍሮይድ በ1908 የጻፋት አንዲት አጭር ጽሑፍ ናት። ወደ እሱ የሚመጡ አንዳንድ ሰዎች ላይ 3 ጠባይ አብሮ እየሄደ አየ፤ ሥርዓት ወዳድነት፣ ቋጣሪነትና ግትርነት። የእጮኛሽን ፎቶ ያየ ነው የሚመስለው፣ አውቃለሁ። እነዚሁ ሰዎች ልጅ እያሉ መጸዳዳት ላይ እንቢ ባይ እንደነበሩ፣ «ልያዘው» የሚሉ እንደነበሩ ያስታውሳሉ አለ። ከዚያ ገንዘብንና ዓይነ ምድርን አገናኘ፤ ሰይጣን የሰጠው ወርቅ ሰይጣኑ ሲሄድ ወደ ኩስ የሚለወጥበትን የአውሮፓውያን ተረት ሁሉ እየጠቀሰ። የዛሬ ሰው ሲያነበው ሳይስቅ አይቀርም።

ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፍሮይድ በዚያ ጽሑፍ እናትን አልከሰሰም። እነዚህ ሰዎች ሲወለዱም ያ ዝንባሌ በርትቶባቸው ነው የተወለዱት ነው ያለው። «እናትየው ፖፖ ላይ ስላጨናነቀችው ነው» የሚለው አብዛኛው በኋላ በተከታዮቹ የተጨመረ ነው። ልጅ አሳዳጊዎችን የሚያስፈራራው ምክርም ከዚያ ነው የመጣው።

ጥናቱስ ምን አለ? ሲይሞር ፊሸርና ሮጀር ግሪንበርግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1977 እስከዚያ የተሠራውን ሰብስበው ገመገሙ። ሦስቱ ጠባዮች እውነትም አብረው የመሄድ አዝማሚያ አላቸው፤ እዚህ ላይ የፍሮይድ ዓይን አልሳተም። ከፖፖ ሥልጠና ጋር ግን አልተያያዙም። ማለትም ሰውየው ያየው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳተው። (እኔን ብትጠይቂኝ ግማሹ ፍሮይድ እንዲህ ነው። ዓይን አለው፣ ማስረጃ ላይ ይሰንፋል።)

መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት እንደ ጥንቃቄና ሥርዓት ወዳድነት ባሉ ጠባዮች ሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ የሚጠጋው ከዘር ይመጣል። የቀረው ከኑሮ ነው። ስለዚህ ጠያቂ ከሆንሽ ስለ ገንዘብ ጠይቂው። ቤታቸው ውስጥ ወር ሳያልቅ ደሞዝ ያልቅ ነበር? አባቱ ሥራ ያጣበት ጊዜ ነበር? ለትምህርት ቤት ክፍያ ዕቁብ ሲጠበቅ ያየ ልጅ የታክሲ ሒሳብ ቢጽፍ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓምድ እንምጣ፤ አንቺ ቶሎ ያለፍሽው እኔ ግን ቆሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ፌስታሉ ግድ የለም። ጫማውም ግድ የለም፣ እንዲያውም የኔን ቤት ቢያደራጅልኝ ደስ ይለኛል። ያንቺን ወጪ የሚመዘግበው ግን ለምንድነው? አብራችሁ ለሠርጉ ስለምታቆጥቡና ተስማምታችሁ ከሆነ ጥሩ። ሳይጠይቅሽ ጀምሮ፣ ወር ሲያልቅ «ይሄ ምንድነው?» እያለ ማብራሪያ የሚጠይቅሽ ከሆነ ግን ያ ሥርዓት ወዳድነት አይደለም፣ ቁጥጥር ነው፤ ሲጋቡ ደግሞ እየላላ አይሄድም። መለያው ቀላል ነው። ስትታመሚ ኪሱ ይፈታል? «ይሄን ዓምድ አጥፋው» ስትዪው ምን ይላል? ከፋሲካ በፊት በዪው። የሚመልሰውን አይተሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። ሳይኮሎጂ መምህራችን «ወንድ ልጅ ሁሉ ከ3 እስከ 6 ዓመቱ እናቱን ያፈቅራል፣ አባቱን ይቀናቀናል» ሲል ክፍሉ ቀወጠ። ዶርም ገብተን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተከራከርን። እውነት ነው እንዴ?
የተናደደው፣ ከጎንደር

መልስ፦ ለፈተናው ፍሮይድ ያለውን ጻፍ። ለራስህ ደግሞ ይሄን ያዝ።

ፍሮይድ ይሄን ሐሳብ መጀመሪያ ያገኘው ልጆችን አይቶ አይደለም። አባቱ በ1896 ሞተ፤ ራሱን መመርመር ጀመረ፤ በ1897 መኸር ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይሄን ስሜት ራሴ ውስጥ አገኘሁት፣ የሁሉም ሰው ይመስለኛል አለ። ከአንድ ሰው ወደ ሰው ዘር በሙሉ! ስለ ልጅነት የተናገረው አብዛኛው ነገርም ሶፋ ላይ ተጋድመው ከሚያወሩት አዋቂዎች የተሰበሰበ ነው።

በልጅ ላይ አየሁት ያለው በ1909 ባሳተመው የአንድ የ5 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ፈራ። ፍሮይድ ፈረሱ አባትየው ነው አለ። ግን ልጁን ራሱን በዚያ ሕክምና ጊዜ ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ ሲጠይቅ፣ ሲጽፍና ሲያደርስ የነበረው አባቱ ነው፣ አባቱ ደግሞ የፍሮይድ አድናቂ ነበር። ዮሴፍ ዎልፒና ስታንሊ ራክማን የሚባሉ ባለሙያዎች በ1960 መዝገቡን መልሰው አንብበው ቀላሉን ነገር ተናገሩ፦ ልጁ ጋሪ የሚጎትት ትልቅ ፈረስ መንገድ ላይ ሲወድቅ አይቷል። እኔም ብሆን እፈራለሁ። ልጁ 19 ዓመት ሲሞላው ፍሮይድ ዘንድ መጥቶ ነበር። ጤነኛ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ትንታኔ ግን አንዱንም አያስታውስም። በኋላ ኒውዮርክ ትልቅ የኦፔራ አዘጋጅ ሆነ።

አንድ ጨምርና ተወው። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የሚባል ተመራማሪ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ኖሮ በ1927 እንደጻፈው፣ እዚያ ልጅ የሚቀጣው አባት አይደለም፣ አጎት ነው፤ የእናት ወንድም። አባት የጨዋታ ጓደኛ ነው። እና የልጁ ቂም ማን ላይ ሆነ? አጎቱ ላይ። ነገሩ የፍቅር ቅናት ከሆነ ከእናቱ ጋር የሚተኛውን ነበር መጥላት የነበረበት። የፍሮይድ ተከታዮች በዚህ አልተስማሙም፣ ብዙ ተከራክረዋል። የዶርማችሁ ክርክር እንዲያውም አጭር ነው።

የ4 ዓመት ልጅ «ሳድግ እማዬን ነው የማገባት» ማለቱን ግን ያልሰማ ወላጅ የለም። ይላል። ሳምንት ቆይቶ ደግሞ የጎረቤት ውሻ አገባለሁ ይላል።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን አለሽልኝ። ኩዌት የሰው ቤት ነው የምሠራው፣ 28 ዓመቴ ነው። ልጄን 1 ዓመት ከ9 ወር ሲሆነው ደሴ አካባቢ እናቴ ጋ ትቼው ወጣሁ። አሁን 6 ሊሞላው ነው። ዘንድሮ በፈቃድ ስገባ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀብኝ። እሷን «እማዬ» ነው የሚላት፣ እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። 2 ወር ሙሉ ልቀርበው ስሞክር ልሄድ ቀን ሲቀረኝ ነው የተለማመደኝ፣ ከዚያ ጥዬው መጣሁ። እዚህ የማሳድገው የማዳሜ ልጅ 3 ዓመቱ ነው፣ ካላየኝ አይተኛም። ስልኬ ላይ እናቱ የተለየችው ልጅ ሲያድግ ፍቅር አያውቅም የሚል ነገር አነበብኩ። ልጄን አበላሽቼዋለሁ ወይ?
የደሴዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ይዤው ነው የዋልኩት። በማባበል አልመልስልሽም።

ያነበብሽው ነገር ሥሩ ጆን ቦውልቢ ከሚባል እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ከፍሮይድ ተከታዮች ቤት ነው የወጣው፤ ግን ጡቱንና ፖፖውን ትቶ ልጁ ማንን ነው የሚይዘው፣ ሲፈራ ወደ ማን ይሮጣል ብሎ ጠየቀ። በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ዘገባ ትንሽ ልጅ ከእናቱ ወይም እናቱን ከተካች አንዲት ቋሚ ሰው ጋር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ግንኙነት ያስፈልገዋል አለ። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰንም በ1950 የፍሮይድን የአፍ ደረጃ ወስዶ ወደ መተማመን ቀየረው፤ ጥያቄው ልጁ ስንት ጊዜ ጠባ አይደለም፣ ሲያለቅስ ሰው ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ከፍሮይድ ዛፍ እስከዛሬ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጅሽ ለምን ተደበቀ? ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል የቦውልቢ ባልደረባ ሆስፒታል ብቻቸውን የሚተኙ ትንንሽ ልጆችን ሲከታተል ያየው ነገር አለ። መጀመሪያ ይጮሃሉ። ቀጥሎ ኩርምት ብለው ዝም ይላሉ። ከዚያ «ተሻለው» ይባላል፣ ይጫወታል፣ ይበላል፤ እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ፊቱን ያዞርባታል። ያ ጥላቻ አይደለም። አምርሮ ጠብቆሽ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ነው እንዲያ የሚያደርገው። አንቺ ስትሄጂ በ1 ዓመት ከ9 ወሩ ነው፤ ማንነትሽን ያወቀበት፣ «ትመለሳለች» የሚለው ግን ያልገባው ዕድሜ። ከብዶት ነበር። ይሄን አልክድሽም።

አሁን ሌላኛው ግማሽ። ቦውልቢ መጀመሪያ ላይ እናት ላይ አብዝቶታል። በ1964 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን 60 ሕፃናትን ሲከታተሉ በ1 ዓመት ተኩላቸው አንድ ሰው ላይ ብቻ የተጣበቁት 13 በመቶው ብቻ ነበሩ። የቀሩት አባት፣ አያት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ነበራቸው። ልጅ ብዙ ሰው መያዝ ይችላል። ደሴ ላይ ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ ግን ለሚያስፈራራሽ ሰው ንገሪው።

እውነተኛው ጉዳት ምን እንደሚመስል ደግሞ ሮማኒያ ታይቷል። ከ2000 ጀምሮ ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ ያሉ 136 ሕፃናት ተጠንተዋል፤ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። እዚያው የቀሩት በአእምሮ እድገትም፣ ሰው በመቅረብም ተጎዱ። ከ2 ዓመታቸው በፊት ቤተሰብ ያገኙት በብዙ ነገር አገገሙ። እነዚያ ልጆች ያጡት እናትን ብቻ አይደለም፤ «የኔ» የሚሉት አንድም ሰው አልነበራቸውም። ሠራተኛው በፈረቃ ይቀያየራል፣ ሲያለቅሱ የሚመጣው ዛሬ አንዷ ነገ ሌላዋ ነው። ያንቺ ልጅ እማዬ የሚላት ሴት አለችው። ቀሚሷ ውስጥ የሚደበቅባት። እሷን የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ሌላው የተከፈለው ዋጋ እንዳለ ሆኖ፣ «ፍቅር አያውቅም» የሚለው ለሱ የሚሆን አይደለም።

አሁን ሥራው ላይ እንሁን። ስልክ ስትደውዪ ረጅም አታድርጊው፤ የ6 ዓመት ልጅ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። «እማዬ በለኝ» ብለሽ አትከራከሪው፣ ስምሽን ቢጠራሽም ስምሽ ነው። እናትሽ ፎቶሽን እያሳየች ስለ ትንሽነቱ ታውራለት፤ «ስትወልድህ፣ ስታጥብህ፣ ስትሄድ አልቅሳ» እያለች። ለመምጣት ቀን ከሌለሽ ቀን አትስጪው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ መቅረት ከ4 ዓመት መለየት በላይ ያቆስላል፤ «አሁን ቀኑን አላውቅም፣ ሳውቅ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው» በይው።

ጨርሰሽ ስትገቢ ደግሞ ከሁሉ የምፈራልሽ ነገር አለ። ናፍቆትሽ አስቸኩሎሽ በሳምንቱ ይዘሽው ሌላ ከተማ ቤት እንዳትከራዪ። ላንቺ ልጅሽን መመለስሽ ነው፣ ለሱ እናቱን ሁለተኛ ማጣቱ ነው። ቢያንስ ወራት እናትሽ ቤት አብረሽ ኑሪ። አልብሺው፣ ትምህርት ቤት አድርሺው፣ ሲታመም ከጎኑ እደሪ። የሚደበቅበትን ቀሚስ እስኪቀይር ጠብቂው።

ስለ ማዳምሽ ልጅም ልንገርሽ፣ አልጠየቅሽኝም ግን። ቦውልቢ ራሱ እንደዚያ ዘመን ሀብታም ቤት ልጆች ያደገው በሞግዚት እጅ ነው። እናቱን በቀን የሚያያት ለትንሽ ሰዓት ነበር። የሚወዳት ሞግዚቱ 4 ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ለቃ ሄደች፣ እሱም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እናት እንደማጣት ነበር ብሎ ተናግሯል። መላ ሕይወቱን ስለ መለየት የጻፈው ሰው መጀመሪያ የተለየችው ሴት ያንቺን ሥራ የምትሠራ ነበረች። ኮንትራትሽ ሲያልቅ ልጁ ተኝቶ እያለ ሹልክ በይ ይሉሻል፣ እንዳያለቅስ። ተይ። ነቅቶ ሳለ ሳሚው፣ እንደምትሄጂ ንገሪው፣ ያልቅስ።